ለዘነበች ያልኳት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ባለቤቴም ሳይሰማው ሞተ።

የጎረቤቴ የአስካለ ልጅ ስትገደል ወሬው ከአቃቂ አልፎ በየሬዲዮው ይነገር ነበር። ገዳዩ ገና አልታወቀም። እኛ የእድር ሴቶች ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን አስካለን እናያታለን። እናያታለን ልበል? እኔ ነበርኩ የማያት። ሌላው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። ለምን? ማወቅ ፈለግሁ።

በቀብሩ ማግስት ጠዋት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋት። የሟቿን ቀሚስና ሹራብ እያለቀለቀች ታሰጣለች።

ድንኳን ገብቼ ከጎኔ ለተቀመጠችው ለዘነበች ነገርኳት።

«ለቅሶ ቤት ልብስ ይታጠባል እንዴ?»

«የማንን ልብስ?»

«የልጅቷን።»

«በስመአብ! ደም ይሆን እንዴ፣ እትዬ?»

እኔ ደም አላልኩም። «ኧረ ተይ»ም አላልኳት። የእኔም ጥያቄ እሱ ነበር። መጠየቅ የነበረብኝ አስካለን ነበር። ዘነበችን ጠየቅሁ።

ሳይመሽ ወሬው ከሰፈር አልፎ እስከ በሰቃ ገበያ ደረሰ። በሠልስቱ ፖሊሶች መጥተው አስካለን ለጥያቄ ወሰዷት። ሊያጽናናት የመጣው ሰው እሷ በሌለችበት ተቀምጦ ንፍሮ በላ። እኔም በላሁ። አመሻሽ ላይ ለቀቋት። ከሳምንታት በኋላ ገዳዩ ተያዘ፤ አስካለ በመልክ እንኳ የማታውቀው ሰው ነው። ያም ሆኖ ገበያ ስትገባ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ይህ ለዓመታት ቀጠለ። እኔም አብሬያቸው አቋርጥ ነበር።

ዘንድሮ ሌላ ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ሽንኩርት ስንልጥ አላስችል አለኝ።

«አስካለ፣ ያን ጊዜ ልብሱን ለምን አጠብሽው?»

ቢላዋዋን አላቆመችም። «ስትወጣ ነክራው ነበር። ‹ስመለስ አጥበዋለሁ፣ እንዳትነኪው› ብላኝ ሄደች። ቀናት አለፉት። እንዳይሸትባት ብዬ ነው።»

ከሽንኩርቱ ቀና አለች። «እትዬ፣ ያዩኝ እርስዎ ነበሩ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።»

አንድ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ፤ እሱንም ዋሸኋት። ያኔ ሐዘን አላወቅሁም ነበር ልበል? እናቴን ከዚያ በፊት፣ ባለቤቴንም ከዚያ በኋላ ቀብሬአለሁ። በሁለቱም ቀን አላለቀስኩም፤ ማንም ለምን አላለኝም። የማመካኝበት የለኝም። አስካለ እውነቱን ከእኔ አፍ እስክትሰማ ድረስ እናንተም ይቅር አትበሉኝ።