ዱባይ ሱቅ ውስጥ "ና ውሰደው" እስኪሉኝ ስጠብቅ

ዛሬ ዱባይ ውስጥ የጌም ካሴት ወደያዘ አንድ ሕፃን በሩጫ ሄድኩ። አትፍረዱብኝ፣ ላስረዳችሁ።

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አክስቴ ጋ ነው ያለሁት። ያገለገሉ የድሮ ጌሞች የሚሸጡበት ሱቅ ስንገባ፣ አገር ቤት፣ ሞላሌ ቤታችን የነበረውን የታንክ ጌም ካሴት አየሁት።

የኛን ካሴት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አቧራ ይዞታል ብዬ በሳሙና አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ታላቅ ወንድሜ ሳምንት ሙሉ "ደሞ ቴሌቪዥኑን እንዳታጥበው!" እያለ ሳቀብኝ። እሱ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ስለዚህ ካሴቱን ሳልይዝ መመለስ አልፈለግሁም።

ግን ሞላሌ ገበያ ነው ያደግሁት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሻጩን "ቀንስ" አልኩት። እሱ የተለጠፈውን ዋጋ አሳየኝ። እንደ አገሬ ደንብ ካሴቱን አስቀምጬ፣ "ና እንግዲህ ውሰደው" እስኪለኝ ቀስ እያልኩ ወጣሁ።

አልጠራኝም። የበለጠ ቀስ አልኩ። በሩ ጋ ደረስኩ።

"አልሰማኝ ይሆን?" አልኳት አክስቴን።

"ምኑን ይስማህ? እዚህ ማንም አይጠራህም፣ አንተ ጉድ!"

ዞር ስል ሕፃኑ ካሴቱን አንስቶታል። ሩጫው የመጣው ያኔ ነው። እናቱ ላብ በላብ ሆኜ ስታየኝ እየሳቀች ከልጇ ተቀብላ ሰጠችኝ።

ስከፍል ሻጩ "ስጦታ ነው?" አለኝ።

"አዎ፣ ለወንድሜ" አልኩት።

አክስቴ ፊቷን አዞረች። ሻጩ ጠቅልሎ በሪባን አሰረው። እስካሁን አልፈታሁትም።

እናንተስ፣ ይጠሩኛል ብላችሁ በዝግታ የወጣችሁበት ሱቅ አለ? ንገሩኝ፣ ለብቻዬ አይሳቅብኝ።