ማንም ያልሰማው ቃል

ባለፈው ሳምንት ቤታችን ውስጥ፣ ልጄ በሯን ዘግታ በማላውቀው ቋንቋ ስታወራ ሰምቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ለካ ኮሪያኛ እየተለማመደች ኖሯል። አፍሬ ወደ ሳሎን ስመለስ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ጎንደር የቋንቋ ጥናት ተማሪ ሳለሁ ነው። በጥር እረፍት ወደ ወላጆቼ ቤት፣ ወደ መካነ ብርሃን ወጣሁ። ገብሱ ተወቅቶ አውድማው ላይ ተከምሯል፤ ነፋሱ ገለባውን እያነሳ አንገቴ ውስጥ ይከተዋል። እኔ ጥግ ይዤ ትኩስ ቆሎ እየቆረጠምኩ ለፈተና አጠናለሁ፦ "ፓተር፣ ፒታር፣ ፋተር፣ ፋዘር..."

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። ከኋላዬ ቆመው መስማታቸውን አላወቅሁም። ራት ላይ አላናገሩኝም፤ በማግስቱም እንደዚያው። እናቴ ውኃ ስንቀዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይኼ ፒታር የምትይው የማን ልጅ ነው?" አለችኝ። የአባቴ ጥርጣሬ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ሃይማኖቷን ቀይራ እንደ ካቶሊኮቹ "ፓተር" እያለች ትጸልያለች ብለው ነበር። በእኛ ቤት፣ ጥንት በነገሥታቱ ዘመን ከአገር የተባረሩት ፓድሬዎች፣ የካቶሊኮቹ ቄሶች፣ ትናንት የሄዱ ያህል ነበር የሚወሩት።

በመጨረሻ አባቴ "ወደ ጎንደር አትመለሽም" አሉኝ።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ቃሎቹ ሁሉ በላቲን፣ በጥንታዊ ሕንድኛ፣ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ "አባት" ማለት እንደሆኑ፣ ሁሉንም የወለደ ያልተጻፈ ቋንቋ እንደነበረ፣ ሊቃውንትም የልጆቹን ቃላት አስተያይተው የወላጁን ቃል እንደሚደርሱበት ነገርኳቸው።

"ካልተጻፈ ማን ሰማው?"

"ማንም።"

"ማንም ያልሰማውን ቃል ነው የምትማሪው?"

ነገሩን አባስኩት። ቸኩዬ ወደ ግዕዝ ዞርኩ። "አባዬ፣ በግዕዝ አብ፣ በዐረብኛ አብ፣ በዕብራይስጥም አብ። እንዲያው በአጋጣሚ ነው?"

"ዘመዳሞች ናቸዋ።"

"እነዚያም ዘመዳሞች ናቸው። ላቲኑ ፐ ሲል እንግሊዝኛው ፈ ይላል። ፓተር፣ ፋዘር።"

"አንድ ቃል አይበቃም። እግርስ?"

"ፔስ፣ ፉት።"

"ዓሣስ?"

"ፒስኪስ፣ ፊሽ።"

ፊታቸው ግን አልተፈታም። "መምህርሽን ራሴ አየዋለሁ" አሉ።

በደባርቅ በኩል፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ፣ ጎንደር ገባን። መምህሬ ወጣት ነበር፤ ይህም አላስደሰታቸውም።

"ቃሉን ሰምተኸዋል?" አሉት።

"አልሰማሁም፣ የኔታ። ለዚህ ነው ስንጽፈው ከፊቱ የኮከብ ምልክት የምናደርግበት። ግምት ነው፣ ነገ ሊሻር ይችላል ማለታችን ነው።"

"ይህን ተማሪዎቹ ያውቃሉ?"

"መጀመሪያ የማስተምራቸው እሱን ነው።"

አባቴ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ግቢ፣ ተማሪ። ስትመጪ ግን እጠይቅሻለሁ" አሉ።

ጠየቁኝም። በየእረፍቱ ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ "ውኃስ? እሳትስ?" ይሉኝ ነበር። መልሴ ይዛባ እንደሆነ ለማየት የአምናውን ጥያቄ ደግመው ያመጡታል። እስኪያርፉ ድረስ አንድ ቀን እንኳ አመንኩሽ አላሉኝም።

ያኔ ይህ ያናድደኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ከመንደራችን ሴቶች ልጆች መሃል አባቷ የተማረችውን ቁጭ ብሎ የሚጠይቃት እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸው ስህተቴን ሊይዙ ያዳመጡኝን ያህል፣ ወዶኝ ያዳመጠኝ ሰው ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።