ወደ ግራ ዙር፣ ቦቲር

ዶምላ ሙህሲን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። በኮካንድ ከተማ የጥጥ ሚዛን ሰፈር ነዋሪ፣ በእሳቸው እጅ የተማረውም ያልተማረውም፣ ዶምላ፣ የኔታ እንደ ማለት ነው፣ እያለ ነበር የሚጠራቸው። ሶቭየት ኅብረት ፈርሳ፣ አዲሱ ገንዘብ ሶም ገና ከነቀለም ሽታው በየኪሱ መግባት በጀመረበት ዘመን ጡረታ ወጡ። የአውራጃው ጋዜጣም በሦስተኛው ገጽ ላይ «የተመልካች ዓይን» የምትባል አምድ ሰጣቸው።

አምዷ ጠባብ ብትሆንም ጅራፏ ረጅም ነበር። ዶምላ በየሳምንቱ አንድ የማይረባ ፊልም እያነሡ፣ ስንት ቡጢ እንደ ተሰነዘረ፣ ስንት መኪና እንደ ጋየ፣ ጀግናው ሸሚዙን በስንተኛው ደቂቃ ላይ ቀድዶ እንደ ጣለ ሳይቀር እየቆጠሩ ይገርፉት ነበር። አንባቢውም «እንዲህ ያለውን ቆሻሻ በዓይናቸው ሳያዩ ይህን ሁሉ ማወቃቸው፣ እንዴት ያሉ ሊቅ ቢሆኑ ነው» እያለ ያደንቃቸዋል። በሠርግ ቤት ከበሩ ርቆ ያለው የክብር መቀመጫ የእሳቸው ነበር፤ ከሩዙ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ሥጋም እንዲሁ።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን፣ ዶምላ ጥቁሯን ቆባቸውን እስከ ቅንድባቸው ዝቅ ያደርጉና በወይኑ ዳስ ሥር ተሹለክልከው፣ በዳዳኾን ቪዲዮ ቤት የኋላ በር ይገባሉ። ቤቱ ድሮ ጥጥ የሚመዘንበት አዳራሽ ነበር። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጋርደዋል፤ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ላይ ተሰቅሏል፤ ወለሉ የሱፍ ፍሬ ገለባ ስለ ሆነ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ዶምላ ከኋላ ጨለማው ጥግ ተቀምጠው የሚያወግዟቸውን ፊልሞች በፍቅር ያያሉ። ጀግናው የሞተ ጓደኛውን ተሸክሞ በዝናብ ውስጥ ሲሄድ፣ ዝናቡ ከቱቦ የሚወርድ መሆኑን እያወቁ፣ መሐረባቸውን ያወጣሉ።

ማውጣት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ ሐሙስ ዳዳኾን አንድ ካሴት ይዞ መጣባቸው። ይህ ዳዳኾን የቀድሞ ተማሪያቸው ሲሆን በሥነ ጽሑፍ ከአምስት ሁለት ያገኘ ሰው ነው።

«ዶምላ፣ ካሴቱ የሩሲያኛ ድምፅ የለውም፤ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እርስዎ እንግሊዝኛ ይችላሉ አይደል?»

«እችላለሁ» አሉ ዶምላ። የሚችሉት ጀርመንኛ ነበር፤ እሱንም ጥቂት። ሆኖም ፊልሙን ለማየት ጓጉተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቀይ መጋረጃ ጀርባ፣ ማይክራፎኑን በመሐረብ ጠቅልለው፣ በአፍንጫቸው እያነፈነፉ ወንዱንም ሴቱንም ዘንዶውንም እየሆኑ ይናገሩ ጀመር። ያ አፍንጫ የማን እንደ ሆነ ከዳዳኾን በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ከአዳራሹ ጎን ባለችው ክፍል ዳዳኾን አራት የጌም ሣጥኖች አስቀምጦ በሰዓት ያከራይ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሻማው በአንደኛው ጌም ላይ ነው፤ ቢጫ ቀበቶ የታጠቀ አንድ ጎበዝ ሰባት የብረት በሮች እየሰበረ በየበሩ ጭራቅ የሚገጥምበት። ሰፈርተኛው ጎበዙን ቦቲር ብሎታል። በመኸር መግቢያ ላይ የዚያው ጌም ፊልም መጣ ሲባል፣ ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ትቶ፣ የከባድ መኪና ነጂው ጭነቱን ትቶ ገባ።

ፊልሙ ግማሽ ሳይደርስ ማጉረምረም ተጀመረ።

«ጌሙ ላይ ሦስት ነፍስ አለው። እዚህ አንድ ብቻ ነው የሰጡት» አለ ፀጉር አስተካካዩ ኦሊም። «ነፍስም እንደ ስኳር በራሽን ካርድ ሆነ እንዴ?»

«እሱን ተወው። እኔ ዝለል ሳልለው ለምን ይዘላል?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ሚስትህም ሳትላት ትዘላለች።»

«እሷን ለማየት አልከፈልኩማ።»

ከሕዝቡ ግማሹ ተነሥቶ፣ የሚያዘውን ቦቲር ፍለጋ፣ ወደ ጎን ክፍል ሄደ። ዳዳኾን መጋረጃውን ገልጦ «በቃ ዶምላ፣ ከጌም ፊልም አይወጣም ማለት ነው» አለ አዝኖ።

ዶምላ በዚያ ሳምንት፣ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው እንኳ ያላሰቡትን ያህል አሰቡ። ሰዉ የመረረው ታሪኩ መናኛ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጌሙም ታሪክ የለውም። የመረረው እጁ ሥራ ፈትቶ ስለ ተቀመጠ ነው። ይህን ሲደርሱበት ካሴቱን ተውሰው አምስት ጊዜ ደጋግመው አዩት፤ ቦቲር መቼ እንደሚቆም፣ ወዴት እንደሚዞር በቃላቸው አጠኑት።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቦቲር ሦስተኛው በር ላይ ደርሶ መንታ መንገድ ላይ ቆመ። ከመጋረጃው ጀርባ ያ አፍንጫ «ወገኖቼ፣ ወዴት ልዙር?» አለ።

አዳራሹ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ግማሹ ግራ፣ ግማሹ ቀኝ እያለ ጮኸ። ቦቲር ትንሽ አሰበና ወደ ግራ ዞረ። ግራ ያሉት ተቃቀፉ፤ ቀኝ ያሉት ስላልሰማቸው ተቀየሙት። ሰባተኛው በር እስኪሰበር ድረስ አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተነሣም። በማግስቱ ኦሊም የደንበኛውን ጢም እየላጨ «አምስተኛውን ጭራቅ የገደልኩት እኔ ነኝ» ሲል ተሰማ፤ ደንበኛውም «እኔ ነኝ» ብሎ ጉንጩ ተቆረጠ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን አምዷ በየሳምንቱ የምትበላው ትፈልጋለች። ሰዉም «ዶምላ ስለዚህ ጉድ ምን ይላሉ?» ማለት አበዛ። ዶምላም ቁጭ ብለው «ከቁልፍ መጫን ጥበብ ይወለዳልን?» የሚል ጽሑፍ ጻፉ። በሕይወታቸው እንደዚያ የሠመረላቸው ጽሑፍ አልነበረም፤ ፊልሙን የአእምሮ መርዝ፣ ቪዲዮ ቤቱን የመርዝ ብልቃጥ አሉት።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ቱርዲቦይ፣ ሰዉ ኦታ፣ አባት፣ የሚላቸው፣ ጽሑፉን በሻይ ቤቱ ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አርባውን የጥጥ ብርጌድ መርተውበታል። የተጻፈ ነገር ያምናሉ። «እኛ እዚህ ሻይ እንጠጣለን፤ መርዙ እዚያ ይቀዳል» አሉና በዚያው ሦስት ሰው ያለበት መርማሪ ኮሚቴ አቋቋሙ፦ እሳቸው ራሳቸው፣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ናፊሳ፣ እና ከሁሉ አስቀድሞ ዶምላ ሙህሲን። ኮሚቴው ሐሙስ ፊልሙን ያያል፤ ከዚያ በሩ በሰም ይታሸጋል።

ረቡዕ ዕለት የዶምላ ባለቤት ሳዖዳት ሱሪያቸውን ደጅ ላይ ታራግፍ ነበር። ከእጥፋቱ የሱፍ ፍሬ ገለባ ረገፈ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ረግፏል፤ ሁለት ዓመት ሙሉም ምንም አላለችም።

«የሉትፊ አባት፣ ነገ ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች በልጃቸው ስም ጠርታ።

«ምን አደርጋለሁ። እፈርማለሁ።»

«ከዚያ በኋላ ሐሙስን የት ሊውሉ?»

ዶምላ ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር አልገባበትም ነበር። «የጻፍኩትን ልካድ ነው የምትዪኝ?»

«የሚወዱትን ሲክዱ ከርመው የለ። ለጽሑፉ ምን አዘኑለት?» አለችና ሱሪውን ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

ሐሙስ ደረሰ። ከትምህርት ቤት የመጡ ሦስት ወንበሮች ከፊት ተደርድረዋል። ቱርዲቦይ ኦታ መሐል፣ ናፊሳ በቀኛቸው፣ ዶምላ በግራቸው ተቀመጡ። ኦታ ሰሙንና ማኅተሙን በኪሳቸው ይዘዋል፤ ሰሙ እንዲለሰልስ አልፎ አልፎ ይዳብሱታል። ዳዳኾን ካሴቱን አስገባ። ቦቲር ብቅ አለ፤ አፉም ተንቀሳቀሰ። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ድምፅ የለም፤ የድምፁ ባለቤት ፊት ለፊት፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በክብር ተቀምጧል።

«ተርጓሚው ዛሬ አፍንጫው ታመመ?» አለ ኦሊም ከኋላ።

«ሻይ ቤት ተጎልቶ ይሆናል።»

«ዝም በሉ፣ ኮሚቴ አለ።»

ኦታ ወደ ናፊሳ ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ሰው ምን እያለ ነው?»

«ና፣ ና ነው የሚለው፣ ኦታ።»

«ማንን?»

«ጭራቁን።»

«ጭራቅ ይጠራል እንዴ? ይመጣል እንጂ።» ኦታ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። «መርዝ እንኳ አይደለም ይሄ፤ ጭድ ነው። ዶምላ አክብረው ጽፈውለታል።» ሰሙን አውጥተው በጣታቸው ያፍተለትሉት ጀመር። ዳዳኾን ከግድግዳው ሥር ሆኖ ዶምላን ተመለከታቸው። ሁለት ባገኘበት ፈተና ማግስትም እንዲሁ ነበር የተመለከታቸው።

ቦቲር ሦስተኛው በር ላይ ደረሰ። መንታው መንገድ ላይ ቆመ። ዶምላ ያውቁታል፤ እዚህ ላይ ሰባት ሰከንድ ይቆማል። የክብር መቀመጫቸው፣ አምዳቸው፣ ከሩዙ ላይ የሚነሣው ሥጋ በዓይናቸው ዞረ። አምስተኛው ሰከንድ ላይ አፋቸው በራሱ ተከፈተ።

«ወገኖቼ» አሉ በአፍንጫቸው፣ «ወዴት ልዙር?»

ከኋላ ያለው ሁሉ ዓይኑን ወደ ግራው ወንበር ወረወረ። ናፊሳ አንገቷን አዞረች። ያልዞሩት ቱርዲቦይ ኦታ ብቻ ነበሩ፤ ከስክሪኑ በቀኝ በኩል የጭራቁን ጥላ አይተዋል።

«ግራ ነዋ፣ አንተ ሰው» አሉ ከዘራቸውን አንሥተው። «ቀኝህ ላይ ጥላው አይታይህም? ግራ ዙር።»

ቦቲር ወደ ግራ ዞረ።

የኦታ ከዘራ በአየር ላይ ቀረ። «ሰማኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ሰምቻለሁ፣ ኦታ። ዕድሜ ይስጥዎት» አለ ቦቲር በአፍንጫው።

ከዚያ በኋላ ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም። ኦታ ቆመው፣ ዶምላ «ልጎንበስ? ልምታ?» እያሉ በሰዓቱ ሲጠይቁላቸው፣ እንደ ጥጥ ብርጌድ መሩት፤ ጎንበስ በል አሉት፣ ጎነበሰ፤ አሁን ምታው አሉት፣ መታው፤ ዕረፍ አሉት፣ ዕረፍቱን እንኳ ዶምላ በረጅም ትንፋሽ አሟሉለት። ሰሙ ከእጃቸው ወድቆ ገለባው ውስጥ ጠፋ። ሰባተኛው በር ሲፈርስ ኦታ ላባቸውን ጠርገው ተቀመጡ።

«ሠራተኛ ልጅ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት ሰው ሳዝዝ እንዲህ የሚሰማ ሁለት ብቻ ነው ያጋጠመኝ፤ አንዱም ቶሎ ሞተ። ይህን ቤት የሚዘጋ የለም።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። «ዶምላ፣ ጋዜጣው ላይ የጻፉት ግን... ስለ ሌላ ፊልም ይሆናል፣ አይደል?»

የማምለጫው በር ተከፍቶላቸው ነበር። አዎ ቢሉ ያልቅ ነበር፤ ኦታም የጠየቁት እንዲሉላቸው ነው። ዶምላ ቆባቸውን ከቅንድባቸው ወደ ላይ መለሱ።

«ስለዚሁ ነው፣ ኦታ። ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ዐሥራ ዘጠኝ» አለ ኦሊም ከኋላ። «እኔ ስድስት ጊዜ አይቼ ሚስቴ አባራኛለች።»

ሲወጡ ናፊሳ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ዶምላ፣ ሰውየው እኮ በፊልሙ ሙሉ ከ‹ና› በቀር ምንም አይናገርም። ቆጠርኩት፤ ዐሥራ አንድ ጊዜ።»

«ታዲያ ዐሥራ አንድ ‹ና› ይዤ ሰው ሁለት ሰዓት አስቀምጣለሁ?»

ናፊሳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች፤ ስለ ትርጉሙም ለማንም አልተናገረችም።

አዘጋጁ ግን ሰማ። «የተመልካች ዓይን» በወሩ ስለ ንብ እርባታ ለሚጽፍ ሰው ተሰጠች። በሠርግ ቤትም የክብር መቀመጫው ሌላ ሰው ያዘው፤ ዶምላ ወደ በሩ ተጠጉ፤ ሩዙ የሚደርሳቸው ሥጋው ካለቀ በኋላ ሆነ። ቀይ መጋረጃው ወርዶ የዳዳኾን እናት የፍራሽ ልብስ ሰፋችበት፤ ዶምላ ሐሙስ ሐሙስ በፊት በር እየገቡ፣ ያለ መሐረብ፣ ሁሉ እያያቸው ይናገራሉ። አፍንጫቸውን ግን አልተዉም፤ አንድ ጊዜ በራሳቸው ድምፅ ቢሞክሩ ሕዝቡ «ይሄ ቦቲር አይደለም» ብሎ ጮኾባቸዋል።

ኦታም ከዚያ ወዲህ ቀርተው አያውቁም። በክረምት ዓይናቸው ደከመ፤ ጥላውን መለየት ተሳናቸው። አንድ ሐሙስ ከዘራቸውን አንሥተው «ቀኝ ዙር» ብለው አዘዙ። ቦቲር እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዞረ። ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ወደ ዶምላ ወረወረ። ዶምላ ማይክራፎኑን ጉልበታቸው ላይ አወረዱ።

ኦታ ከዘራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «አዩ» አሉ ወደ ዶምላ ዘንበል ብለው፣ «ትንሽ ቢያመሰግኑት ጊዜ መታዘዝ ተወ። ይህንንም ያኔ ጋዜጣው ላይ ጽፈውት ይሆናል።»