አባዬ ከኋላ ሲቀመጥ

ሳን ሆዜ ውስጥ ሰው ክላክስ የሚያደርገው በጣም ሲናደድ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ክላክስ በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም በዘጠኝ ዓመቴ ሙምባይ ያሳለፍነው ክረምት ትዝ ይለኛል።

አባዬ ኦክላንድ ውስጥ ለዓመታት ታክሲ እየነዳ ተምሮ በመጨረሻ ሳን ሆዜ ያለ የሶፍትዌር ድርጅት ሲቀጥረው፣ ድርጅቱ ለሥራ ሙምባይ ላከው፤ እኛም ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ጓዛችንን ጠቅልለን ተከተልነው። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ካለችው ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንታችን ወጥተን ሃያኛ ፎቅ ላይ፣ መኪና ከነሾፌሩ ተመድቦልን መኖር ጀመርን። እማዬ በመስኮት ዝናቡን እያየች «ክረምት ማለት ይሄ ነው!» ትል ነበር፤ እኔ ደግሞ ከሕንጻው ሥር የተደረደሩት፣ ሰማያዊ ላስቲክ የለበሱት ጎጆዎች የሠርግ ድንኳን ይመስሉኝ ነበር።

ሾፌራችን ራጁ ጠዋት ጠዋት የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቅ ነበር፣ አባዬ ግን በሩን መልሶ ዘግቶ ከፊት፣ ከራጁ ጎን ይገባ ነበር። ታክሲ ሲነዳ የኖረ ሰው ስለሆነ የሾፌር ጀርባ እያየ መሄድ አይሆንለትም። አንድ ቀን የሾፌሮቹ አለቃ አየና ራጁን «ደንበኛ አጠገብህ የምታስቀምጠው ጓደኛህ መስሎህ ነው? ሁለተኛ ካየሁ ከሥራ ትባረራለህ» አለው። ራጁ እጆቹን አጋጥሞ «ሰር፣ ልጆች አሉኝ፣ እባክዎ ከኋላ ይግቡልኝ» እያለ ሲለምነው አባዬ ፊቱ ጠቁሮ ከኋላ ገባ። እዚያም ሆኖ ግን እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጥ፣ «ቀስ! ያዝ! ያዝ!» ይል ነበር፣ እኔና እማዬም በሳቅ እንሞት ነበር።

ጥቂት ቀን ታግሦ አልሆንለት ሲል የሾፌሮቹን አለቃ ጠራና ሆዱን ይዞ፣ ከኋላ ሲቀመጥ እንደሚያስመልሰው ነገረው። ሰውየው ተጠራጥሮ ወደኔ ዞረና «እውነት ነው?» ሲለኝ፣ የራጁ እንጀራ በኔ መልስ ላይ መሆኑ ገባኝ።

«ትናንት ጫማዬ ላይ ነው ያስመለሰው!» አልኩ።

አለቃው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀ፣ ራጁንም «ምን ቆመሃል? ከፊት አስቀምጣቸው እንጂ!» ብሎ ተቆጣው። ኩርባውን እንደታጠፍን ራጁ ሳቁ አምልጦት ክላክሱን እያስጮኸ መንገዱን ሁሉ አደበላለቀው።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ከፊት ስለ ጎማና ስለ ክፉ ተሳፋሪ ሲያወሩ፣ መንገዱ ቢዘጋም ዝናቡ ቢዘንብም ግድ አልነበራቸውም። ዝናቡ ጋብ ያለ ዕለት ራጁ ቤቱ ወሰደን፤ ለካ ከሰማያዊዎቹ ጣሪያዎች አንዱ የሱ ነበር። አንድ የጎረቤት ልጅ «ኦክላንድ» የሚል ቲሸርት ለብሶ ሲገባ ዘመዴን ያገኘሁ ያህል ጮኽኩ። የራጁ ልጅ በበሩ በኩል ወደ ፎቃችን ቀና ብላ «እዚያ ቤት ስንት ቤተሰብ ነው የምትኖሩት?» አለችኝ። «እኛ ብቻ» ስላት፣ የነሱ ቤት አንድ ክፍል መሆኑን ያኔ ልብ ብዬ አፈርኩ፤ እሷ ግን እጄን ይዛ ኩሬ ልታስዘልለኝ ወደ ውጭ ጎተተችኝ። ነሐሴ ላይ ስንመለስ ያቺ አፓርትመንታችን ሰፍታ ጠበቀችኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ አሁን በምንኖርባት ሳን ሆዜ፣ ሾፌር የሌላት፣ ራሷን የምትነዳ መኪና ጠራሁ። እኔና እማዬ ከኋላ ገባን፣ አባዬ ግን ከፊት ገብቶ ለባዶው ወንበር ከልማዱ «ሃይ፣ ሃው አር ዩ?» አለ። መሪው ብቻውን ዞረ።

«ኧረ ድራይቨር የለውም፣ ባክ ሲት ናልን!» አለችው እማዬ።

«ያስመልሰኛል» አላት፣ ዞሮ ሳያያት።

ሦስታችንም ሳቅን። ያኔ ስንስቅ ከፊት አብሮን የሚስቅ ሰው ነበር፤ አሁን መኪናዋ አንዴ እንኳ ክላክስ ሳታደርግ፣ ዝም ብላ ቤታችን አደረሰችን።