የድልድዩ ንድፍ በሁለት ኮፒ

ቢቸና ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የማስተምረው ሒሳብና ቴክኒክ ሥዕል ሲሆን፣ ለቴክኒክ ሥዕሉ ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ የንድፍ ሰሌዳ፣ አንድ ረጅም ማስመሪያና ጫፉ የተሸረፈ ባለ ሦስት ማዕዘን ማስመሪያ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሥርዓት እወድ ነበር። ያለቁ ጠመኔዎችን እንኳ ለብቻቸው የማስቀምጥበት ቆርቆሮ ነበረኝ፤ ባልደረቦቼ በዚያ ቆርቆሮ ብዙ ስቀውብኛል።

ከከተማው በታች አንድ ወንዝ አለ። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ክረምት ሲገባ ግን ላይ አገር የዘነበው ዝናብ ሳይታሰብ ሞልቶት ይወርዳል፤ ከማዶ የሚመጡት ተማሪዎች ያኔ ወይ ይዘገያሉ ወይ ይቀራሉ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የሚሰጠው ደግሞ ሰኔ ላይ ነው። ፈተናው ያመለጠው ልጅ ዓመቱን ይደግማል፣ ወይም ጭራሽ አይመለስም። ስለዚህ የወላጆች ኮሚቴ ከሰኔ በፊት የእግር ድልድይ ይሠራ ብሎ ወሰነ። ድንጋዩን ገበሬው ሊያቀርብ፣ እንጨቱ ከመንግሥት መጋዘን ሊወጣ፣ ንድፉን እኔ ልሠራ ተስማማን። መጋዘኑ እንጨት የሚያወጣው ግን የግንባታ ቴክኒሻን ማህተም ላረፈበት ንድፍ ብቻ ነው። የኛን አካባቢ ሥራ የሚያየው ቴክኒሻን የሚቀመጠው ሞጣ ነበር።

ቴክኒሻኑ ጥር ላይ መጣ። ባለሦስት እግር መሣሪያውን ወንዙ ዳር ተክሎ ቁጥር ሲጠራልኝ እኔ በደብተር መዘገብኩ፤ የሁለቱን ዳርቻ ከፍታ፣ የወንዙን ወለል በየሜትሩ፣ ባለፈው ክረምት ውኃው የደረሰበትን ምልክት። የዚያን ደብተር ጥቅም በማግሥቱ ለተማሪዎቼ አስረዳሁ። ንድፍ ቢጠፋ ከልኬት ደብተሩ ተነሥቶ እንደገና መሳል ይቻላል፤ ደብተሩ ቢጠፋ ግን ወንዙ ራሱ እንደገና መለካት አለበት። ይህን በሰሌዳ ጽፌ ወደ ደብተራቸው አስገለበጥኳቸው።

የመጀመሪያው ንድፌ ወንዙ መካከል አንድ ምሰሶ ነበረው። ቴክኒሻኑ ጎርፍ ግንድ ይዞ ስለሚመጣ ምሰሶው ይውጣ አለኝ። ሁለተኛውን ሳልኩ፤ እሱንም አረመው። ሦስተኛውን ወደደው። በዚህ መሐል ኮሚቴው የቀጠረው ግንበኛ የመጀመሪያውን ወረቀት እንደያዘ፣ ለተሰረዘው ምሰሶ ሁለት ቀን ሙሉ መሠረት ሲቆፍር ሰነበተ። ጥፋቱ የኔ ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም አንድ ደንብ አወጣሁ፤ አዲስ ንድፍ ሲወጣ አሮጌው ይቃጠላል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ግቢው ውስጥ ሰብስቤ፣ አንድ ድልድይ ሁለት ንድፍ ሊኖረው እንደማይችል እያስረዳሁ፣ ሁለቱን አሮጌ ንድፎች ከነእርሳስ ረቂቃቸው አነደድኳቸው።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ከማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ዜማ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። ጭሱን አይተው መጡ።

«ምን እያቃጠልክ ነው፣ መምህር?»

«አሮጌውን ንድፍ ነው፣ የኔታ። ሰው እንዳይሳሳትበት።»

«አዲሱስ?»

«አዲሱ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ኮፒም አለው፤ አብሮት ነው ያለው።»

የኔታ በመቋሚያቸው አመዱን ገፋ ገፋ አደረጉት። «የኔን ዜማ ሃያ ተማሪ በቃሉ ይዞታል። ሃያውን ግን ባንድ ጎጆ አላሳድራቸውም። እሳት አንድደው ላዩ ላይ የሚያንቀላፉ ናቸው።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የኔ ሣጥን ጎጆ እንዳልሆነ፣ ቁልፉም ከአንገቴ እንደማይወርድ ለየኔታ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

መጋቢት ላይ ከሞጣ ደብዳቤ መጣ። ንድፉ በሁለት ኮፒ፣ ከነልኬት ደብተሩ ይቅረብ ይላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ደብዳቤ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ኦሪጅናሉን ጠቀለልኩ፣ ኮፒውን በላዩ ጠቀለልኩ፣ ሁለቱን ከደብተሩ ጋር የቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ከትቼ አፉን በጨርቅ አሰርኩት። በጭነት መኪና፣ ጤፍ ላይ ተቀምጬ፣ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባሁ። ቴክኒሻኑ ቱቦውን ተቀብሎ የመረከቢያ ወረቀት ፈረመልኝ። «ሐሙስ ጨርሼ አቆይልሃለሁ» አለኝ። ቢቸና ስመለስ የመረከቢያ ወረቀቱን በፋይሉ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ በፋይሉ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ፈቃድ አግኝቼ ስሄድ የቢሮው በር ታሽጓል። ከመቃኑ እስከ በሩ ማህተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጠው ዱላ ይልጣሉ።

«ጓድ መምህር፣ ሰውየው ተጠርቶ ሄዷል» አሉኝ።

«ወዴት ነው የሄደው፣ ጋሼ?»

«ጥሪ ነዋ። ለዘበኛ ይነገራል?»

«ቢሮው መቼ ይከፈታል?»

«ርክክብ ሲደረግ።»

«ርክክቡስ መቼ ነው?»

«ተረካቢ ሲመጣ።»

«ተረካቢውስ?»

«ሲመደብ ይመጣል። አየህ፣ እኔም እንደ መምህር አስረድቼ እጨርሳለሁ።»

ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከብረቱ ፍርግርግ በስተጀርባ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ የኔ ቱቦ ጨርቁ እንደታሰረ ተጋድሟል። እጄን ባስገባ ሁለት ክንድ ያህል ነው የሚጎድለኝ።

«ያ ቱቦ የኔ ነው» አልኳቸው።

«እኔም ጧት ጧት አየዋለሁ። ደኅና ነው፤ አይነካም» አሉ ዱላቸውን እየላጡ።

ሞጣ አራት ጊዜ ተመላለስኩ። የሚመለከታቸው ኃላፊ የመረከቢያ ወረቀቴን ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት። «ሰነድህ ትክክል ነው። ንብረቱም አልጠፋም፤ ያለበት ይታወቃል» አሉኝ። እሽግ ያለ ኮሚቴ አይፈታም፤ ኮሚቴው ደግሞ የሚቋቋመው ተረካቢ ሲኖር ነው። የሚሉት ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለነበር የምከራከርበት ቦታ አጣሁ። እኔ ብሆን ተማሪዎቼን የማስተምረው እንደዚያው ነው።

ሚያዝያ ላይ ንድፉን ከትውስታ ሳልኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ቱቦው ውስጥ ካለው ይልቅ ያማረ ነበር። ደጀን ከዓባይ ድልድይ በላይ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ማህተም ያለው ባለሙያ አለ ስላሉኝ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ወረቀቱን ብርሃን ላይ ዘርግቶ አደነቀ።

«እጅህ ይባረክ። የልኬት ደብተሩስ?»

ነገሩን ከሥሩ ነገርኩት።

«ታዲያ ያላየሁትን ወንዝ ባንተ ትውስታ ልፈርምልህ ነው? ሕፃናት እኮ ናቸው የሚሻገሩት፣ ወንድሜ።»

ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ቢቸና እንደተመለስኩ ወንዙን በገመድና ለውኃ ልክ ብዬ ውኃ በሞላሁት ጠርሙስ ልለካ ሞከርኩ። ስፋቱን አገኘሁ። ወለሉ ጋ ልደርስ ስል ግንቦት አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቀድሞኝ ገባ፤ ውኃው ደፈረሰ፣ ገመዴንም ወሰደው።

የማዶ ተማሪዎች ለፈተናው ሳምንት ከተማ እንዲያድሩ ነገርናቸው። አብዛኞቹ ዘመድ ፈልገው አደሩ። አራቱን ግን የእርሻ ጊዜ ስለነበር ወላጆቻቸው አለቀቋቸውም፤ ውኃው ጧት ጧት ይጎድላል፣ ይደርሳሉ ብለው። በፈተናው ቀን ሳይነጋጋ ላይ አገር ዘንቦ ነበር። ወንዙ ዳር ስደርስ ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ አራቱ ከማዶ ቆመዋል። የኔታም አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛዋ መስመር ስታሰምር እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ከክፍሉ ሁሉ የምትበልጥብኝ ልጅ ነበረች፤ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሰክታ ቀሚሷን መሰብሰብ ጀመረች። እጄን አወዛወዝኩ፣ ጮህኩ፤ ከውኃው ድምፅ የተነሣ እኔም ራሴን አልሰማሁም። የኔታ ክንዷን ያዟት።

ደወሉ ተደወለ። የፈተናው ተቆጣጣሪ እኔ ስለነበርኩ ዳገቱን ወጥቼ ገባሁ። በአራት ስም አጠገብ «ቀሪ» ብዬ በሥርዓቱ ጻፍኩ።

ርክክቡ የተደረገው በመስከረም ነው። ቱቦውን ስፈታው ምንም አልሆነም፤ ኮፒው ኦሪጅናሉን እንዳቀፈ፣ ደብተሩም እንደነበረ ነው። ማህተሙ በሁለቱም ላይ አርፏል። ቀኑን አየሁት፤ ቴክኒሻኑ ያለኝ ሐሙስ ነው። እንጨቱ ግን በክረምቱ ለእህል ጎተራ ወጥቶ አልቆ ነበር፤ መጋዘኑም ለሚቀጥለው በጋ ጠብቁ አለን። ከአራቱ ልጆች ሁለቱ እንደገና ተመዘገቡ። አንዱ አጎቱ ዘንድ ሄደ። ልጅቷ አልመጣችም።

ሦስት አዳዲስ ቅጂዎች ሠርቼ አንዱን ለየኔታ ሰጠኋቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው።

«ልጅቷስ፣ የኔታ?» አልኩ።

«ታጭታለች» አሉ። ጥቅሉን ከጋቢያቸው ሥር አደረጉት። «ይህ እንግዲህ ማዶ ይቀመጣል። ውኃው ሲሞላ ግን መጥተህ አታገኘውም።»

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

ወንዙ ጎድሎ ስለነበር ድንጋዮቹን በመቋሚያቸው እየነኩ ቀስ ብለው ተሻገሩ።