ጋሼ ያልፈረሙት ወረቀት

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ፣ አትላንታ አጠገብ ሊቶኒያ ያለው ቤታቸው ወረቀት በመጣ ቁጥር ፎቶ አንስተው ጠበቃ ሆኜ ወደምሠራበት ብራስልስ በቫይበር ይልኩልኝ ነበር። "ጠበቃዬ ሳታየው አልፈርምም!" የአሜሪካን ሕግ አላውቅም ስላቸው፣ "ሕግ ሕግ ነው፤ አንብቢ!" ብለው ይቆጡኛል። እኔም በሆዴ እኮራ ነበር።

ልባቸውን አሟቸው የገቡበት ሆስፒታል ያን ቀን ለአስቸኳይ የልብ ኦፕሬሽን የፈቃድ ፎርም ሰጣቸው። ልጃቸው፣ "አባዬ፣ ፕሊስ፣ ሳይን አድርገው!" እያለች ብትለምናቸውም እኔን መጠበቅ መረጡ። እኔ ችሎት ላይ ነበርኩ፤ ስልኬን ዘግቼው ነበር። ስከፍተው የፎርሙ ፎቶ ደርሶኛል፤ ጋሼ ግን አርፈዋል።

አሁን ችሎት ውስጥም ስልኬን አልዘጋም። ወረቀት የሚልክልኝ ግን የለም።

ፎርሙን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋሼ፣ ምንም ክፉ ነገር የለበትም። ይፈርሙ።