ቤዝመንት የሚኖረው አየርላንዳዊ

ከድሬዳዋ የወጣሁት ወፍጮ ቤት እንደምትሄድ ልጅ ሆኜ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ማሽላ በከረጢት ይዤ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ። እናቴ እስከ በር እንኳ አልሸኘችኝም። ግቢው መሀል ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ፣ «አንቺ ልጅ! ዛሬም ወሬ ይዘሽ ብታመሺ ወዮልሽ! እራት የሚያቆይልሽ የለም!» ብላ ጮኸችብኝ። እኔም እንደ ጥጋበኛ «እሺ፣ በቃ!» አልኳት። ለእናቴ በአካል የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እሺ፣ በቃ።

እንዲህ ያስደረገን የታላቅ ወንድሜ የደረጀ ነገር ነው። አንዲት ጎረቤታችን በየማታው ወንፊት ልትዋስ ትመጣና «ደረጀ ዛሬ የት ዋለ? እነማን መጡበት?» ትል ነበር። በሳምንቱ የመንግሥት ሰዎች መጥተው ወሰዱት፤ የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ የሚያበዛ ሰው አልወድም። ሳቅ ብሎ ከጠየቀኝማ ጭራሽ።

የበረሃውን መንገድና የጅቡቲውን ኑሮ የቀመሰው ያውቀዋልና አልፈዋለሁ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ስፖንሰር ሆኖኝ ሲያትል ገባሁ። ቢከን ሂል ላይ ሚስስ ሎርና የሚባሉ ፊሊፒናዊት መበለት ቤት፣ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ሥራዬ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ሽማግሌዎችን ማጠብና ማብላት ነበር። የድሬዳዋ ዝናብ ሲመጣ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ፣ አገሩን አስደንግጦ ይሄዳል፤ ነገሩ ግልጽ ነው። የሲያትል ዝናብ ግን እንደ ሰላይ ነው፤ ድምፁ አይሰማ፣ ከደጅ አይጠፋ።

ሚስስ ሎርና በመጀመሪያው ሳምንት ወጥ ስሠራ የጭሱ ደወል ቢጮህ ወጥ ቤት ዘው አሉ።

«ዜኒ፣ ምን እያቃጠልሽ ነው?»

ዘነበች ማለት አቅቷቸው ዜኒ ብለውኛል።

«ሽንኩርት ነው፣ ማዳም።»

«ሽንኩርት ደወል ያስጮሃል? እኔ ስንት ዓመት ሳበስል ጮኾ አያውቅም!»

እሳቸው የሚያበስሉት ደረቅ ዓሣ ነው። የደወሉ ማሽን አፍ እንጂ አፍንጫ ስለሌለው ነው አልኩ፤ በሆዴ። አፌን ያዝ አድርጌ ነበር፤ ግሪን ካርዴ ገና አልወጣልኝም።

ቤዝመንት፣ ማለትም ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት፣ ደግሞ አንድ ቀጭን፣ ቀይ ፀጉር ያለው ወጣት ይኖራል። ልብስ ማጠቢያው እዚያ ነውና አንድ ቀን ተገናኘን።

«ሃ... ሃሎ፣ ስሜ ዴ... ዴ... ዴ...» አለና ቆመ። አንገቱ ቀላ። ጠበቅሁት። በመጨረሻ «ዴክላን» አለ።

የገዛ ስሙን ፍለጋ የሚንገታገት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? አሁን የፈጠረው ስም መሰለኝ። ላመልጥ ስል ጥያቄውን ቀጠለ። ከየት መጣሽ? በምን ወጣሽ? እናትሽ በሕይወት አሉ? ሳቅ እያለ! እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ከዚያ የባሰ መጣ። ከወለሉ ሥር ድምፅ እሰማ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ይቆጣል፣ አንዲት ሴት ትመልሳለች፣ አንድ ቄስ መሳይ ሰው ይመክራል። ማናቸውም አይንተባተቡም። ጠዋት ግን ከቤዝመንት የሚወጣው ዴክላን ብቻ ነው። የቀሩት የት ይሄዳሉ? ሚስስ ሎርናን ብጠይቃቸው «የቤት ኪራዩን ይከፍላል» አሉኝ። ለእሳቸው ይህ የጠባይ ምስክር ነው።

በቤተ ክርስቲያን እንደ አባት የያዝኳቸውን ታክሲ ነጂውን ጋሽ መኩሪያን አማከርኳቸው።

«ጋሽዬ፣ ምን ይሉኛል? እየጠየቀ ነው፤ ሌሊትና ቀን ድምፅ ይለዋውጣል።»

«ኢሚግሬሽን ነው» አሉ ሳይጠራጠሩ። «ካልሆነም ከእኛ ኤምባሲ የተላከ ነው።»

«ቀይ ፀጉር ያለው?»

«አየሽ! ማንም እንዳይጠረጥረው እኮ ነው። ሶ፣ አፍሽን ዝጊ፤ እኔ ሌላ ቤት እፈልግልሻለሁ። ኦኬ?»

ቤት ሳይገኝልኝ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሚስስ ሎርና በሌሉበት፣ ከሥር ሽማግሌው ስቅስቅ ብሎ ሲያለቅስ ሰማሁ። ወዲያው አንድ ነገር ወለሉ ላይ ዘጭ አለ። ገደለው! አልኩ። ልቤ ውጪ ሂጂ ሲለኝ፣ እግሬ ዘነዘናዬን አስይዞ ወደ ታች ወሰደኝ። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት።

ሽማግሌ የለም። ዴክላን ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ባዶ ወንበር ፊት ተንበርክኳል። እኔንና ዘነዘናውን ሲያይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

«አ... አውቃለሁ፤ ቪዛዬ አልፏል። ል... ልብሴን ልያዝና እሄዳለሁ።»

«ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«ከኢሚግሬሽን አይደለሽም? በ... በሬ ላይ ቆመሽ ታዳምጫለሽ። የቤቱን ባለቤት ስለ እኔ ትጠይቂያለሽ። ስታዪኝ ትሮጫለሽ።»

«እኔ? አንተ ነህ እንጂ ኢሚግሬሽኑ!»

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። እኔም ሳቄ መጣ፤ ዘነዘናውን ግን አላስቀመጥኩም።

ሻይ አፈላ። ጥቁርና መራር፣ እንደ መድኃኒት ያለ ሻይ፤ ላዩ ላይ ወተት ሞላበት። እየተንተባተበ ታሪኩን ነገረኝ። የተወለደው በአየርላንድ ምዕራብ፣ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ በልጅነቱ ሞተች፤ አባቱ ሥጋ ሻጭ ነው። ትምህርት ቤት ቃል በያዘው ቁጥር መምህሩ በአርጩሜ ይለው ነበር። አንድ ቀን አባቱ ጓዳ ሳለ፣ ሱቁ ውስጥ የቄሱን አነጋገር አስመስሎ «የጎኑን አጥንት፣ ልጄ፣ ስቡ ሳይበዛ» ቢል ገዢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱን የገረመው ግን ሳቁ አልነበረም፤ ምላሱ አለመያዙ ነው።

«በሌላ ሰው አፍ ስናገር አልያዝም» አለኝ። ይህን ሲል ግን ያዘው።

አባቱ ከጓዳ ወጥቶ በሽርጡ ጀርባውን አለው። በኋላ ድንኳን ይዘው በየገጠሩ የሚዞሩ ተዋንያን ሲመጡ ሳንቃ ተሸካሚ ሆኖ ተከተላቸው። አንድ ተዋናይ ሰክሮ ቢቀር በእሱ ፈንታ ፖሊስ ሆኖ ወጣ፤ «በሕግ ስም ቁም!» ብሎ ወረደ። ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ሲያትል የመጣው ዓሣ አጥማጅ አጎቱ ጠርቶት ነው፤ አጎቱ አላስካ ሄዶ ቀረ፣ ዴክላን ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ያጥባል።

አሁን አንድ አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ያለ ትንሽ ቴያትር ቤት እየፈተነው ነው። የሚጫወተው ክፍል የመጨረሻ ልጁን ወደ አሜሪካ የሚሸኝ ሽማግሌ ነው። አዘጋጁ ግን «ለቅሶህ አላሳመነኝም፤ ሠርተህበት ተመለስ» ብሎታል።

«ሶ፣ ዜኒ፣ እ... እናትሽ እንዴት ሸኙሽ?»

ወንፊት የምትዋሰው ሴትዮ ታየችኝ። ተዋናይ ነኝ ማለት እኮ መዋሸት እችላለሁ ማለት ነው፤ ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን አመንኩት? ሻዩን ሳልጨርስ ተነሥቼ ሄድኩ።

እሱም ከዚያ ወዲህ አልጠየቀኝም። ግን በየቀኑ ከእግሬ ሥር ያለቅሳል። ያ ለቅሶ ሐሰት ነበር። እኔ የሐሰት ለቅሶ አልችልም፤ ጥርሴን ይበላኛል። አንድ ጠዋት የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ወርጄ በሩን ደበደብኩ።

«ዝም በል! ልጁን የሚሸኝ ሰው አያለቅስም!»

«ም... ምን ያደርጋል?»

«ይቆጣል!»

ከዚያ ግቢያችን መሀል እንደቆምኩ ሆኜ፣ ወገቤን ይዤ፣ እናቴ የጮኸችብኝን በአማርኛ ጮኽኩበት። አንድ ቃል አልገባውም፤ ገብቶታል ግን። ደግሚልኝ አለ፤ ደገምኩለት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ጣለ፣ ወገቡን ያዘ፣ «አንቺ ልጅ!» አለ። ሳይንተባተብ፣ በእናቴ ቁጣ፣ አገጩን እንደ እሷ ከፍ አድርጎ። የሥጋ ሻጭ ልጅ አፍ ውስጥ እናቴን ሰማኋት። እየሮጥኩ ወጥቼ አውቶቡስ ውስጥ ገባሁ።

የሽማግሌውን ክፍል እንዲጫወት ተመረጠ። እሁድ ከሰዓት ትርዒቱን ለማየት ሄድኩ፤ ጋሽ መኩሪያም «እኔ ራሴ አይቼ ላጣራ» ብለው ተከተሉኝ። ሽማግሌው ልጁ ሻንጣውን ሲያነሣ አላቀፈውም። «በሩን ዝጋው! ስንቴ ልንገርህ? ከብቶቹ እንዲወጡ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ሰዉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ፤ በእናቴ የሚስቁ መሰለኝ። ልጁ ወጥቶ በሩ ሲዘጋ ግን ሽማግሌው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ጋሽ መኩሪያ ዓይናቸውን በቆባቸው ጠርገው፣ «ኢሚግሬሽን አይደለም» አሉኝ በሹክሹክታ። ቆባቸውን መልሰው ደፍተው፣ «ከሆነም በጣም ሠልጥነዋል» አሉ።

ዴክላን ከመድረክ ሲወርድ «እናቴን ወስደህ አሳቅህባት» አልኩት። ምስጋና ሲጠብቅ ፊቱ ወደቀ።

«እ... እሷን ብቻ አይደለም» አለኝ። «እኔም ከቤት ስወጣ አባቴ ቢላውን እየሳለ፣ 'በሩን ዝጋው፣ ዝንብ ይገባል' ነው ያለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። አንቺ ያን ቀን እስክትጮኺብኝ ድረስ የጠላኝ ነበር የሚመስለኝ።»

በጋሽ መኩሪያ ታክሲ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደር ላይ ባለው ስልክ አባቱን ኮል አደረገ፤ ከወጣ ወዲህ ደውሎ አያውቅም። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አያለሁ። «አ... አባባ፣ ዴ... ዴ...» ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አሥር ሰው መሆን የሚችለው ሰው፣ አባቱ ፊት አንዱንም መሆን አልፈለገም። ጥቂት አወሩና ዘጋው።

«ምን አለህ?»

«ስሜን እስክጨርስ ጠበቀኝ። ዝናብ አለ ወይ አለኝ፤ አ... አለ አልኩት።»

«ቴያትሩንስ?»

«አልነገርኩትም» አለና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋ። «አንቺስ?»

እናቴ ስልክ የላትም። ድሬዳዋ፣ ከቤታችን ጀርባ ካለው ነጋዴ ቤት አለ፤ ቁጥሩ በቃሌ ነው። ደውዬ የማላውቀው ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም። ልጇ ከውጭ ደወለች ከተባለ ማን ቤቷ እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጠይቃት አላውቅም። ስልኩን የዘረጋውን እጅ አየሁት፤ አሁንም ቢሆን ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነውም። ተቀበልኩት።

ኦፕሬተሯ መስመሩ ተይዟል አለችኝ። «ደግሜ ልሞክር ወይስ ልተወው፣ ማም?»

«ይሞክሩ።»

ሚስስ ሎርና ከወጥ ቤት «ስልኩን ማነው የያዘው?» እያሉ ነው። ብዙ ቆይቶ፣ ቀጭን ጥሪ ከሩቅ ተሰማኝ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሣ።

«ሃሎ» አለ የማላውቀው የወንድ ድምፅ። ነጋዴውን አውቀዋለሁ፤ እሱ አይደለም። «ማን ልበል?»

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልዘጋሁም፤ ስሜንም አልተናገርኩም።

«ሃሎ? ማን ልበል?» አለ ደግሞ።